ካርቦን ናኖቲዩብን በላፕቶፕ ጨምቆ ማጉበጥ፦ ከስንዴ አገዳ እስከ ላምፕስ

የአተሞችን እንቅስቃሴ በኮምፒውተር አስመስሎ የሚያሰላውን (ሲሙሌሽን የሚሠራውን) ላምፕስ የተባለ ፕሮግራም ከመክፈታችሁ በፊት አንድ ደረቅ የስንዴ አገዳ አምጡ። ጎጃም ውስጥ ላለ ሰው ይህ ከባድ አይደለም፤ ከአውድማ ዳር አንድ እፍኝ ብታነሱ የሚቆጣችሁ የለም። ከአንጓ እስከ አንጓ ያለውን ባዶ ክፍል ቁረጡና ሁለቱን ጫፍ በሁለት እጃችሁ ጣቶች ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ግፉ። ረጅም ከሆነ እንደ ደጋን ይጎብጣል። አሁን ደግሞ የአንድ ጥፍር ያህል አጭር ቁራጭ ውሰዱና እንደገና ግፉ። ይሄኛው አይጎብጥም፤ ቀጥ ብሎ ይቆይና ድንገት ግድግዳው ይጨማደዳል። አገዳው ያው ነው፣ ግድግዳውም ያው ነው፤ የተለየው ርዝመቱ ብቻ ነው።

ኢንጂነሮች ሁለቱንም «በክሊንግ» ይሏቸዋል። እኔ የመጀመሪያውን መጉበጥ፣ ሁለተኛውን መጨማደድ እያልኩ እቀጥላለሁ፤ ሁለቱን መለየት የሥራችን ግማሽ ነውና። ከካርቦን አተሞች የተሠራው፣ ወደ አንድ ናኖሜትር የሚጠጋ ስፋት ያለው ቱቦ፣ ካርቦን ናኖቲዩብም ልክ እንደ አገዳው ሁለቱንም ያደርጋል። እንጅባራ ላይ ቀርከሃ ሲሠራ ያየ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ይጨምርልናል፦ ቀርከሃው ሲታጠፍ ክብ አፉ ወደ ሞላላነት እንዳይጠፈጠፍ የሚይዘው አንጓው ነው። ቀርከሃ መሰል የሚባሉ አንጓ ያላቸው ናኖቲዩቦች ቢኖሩም እዚህ የምንሠራበት ባለ አንድ ግድግዳው ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ክፍት ነው። ለዚህ ነው በቶሎ የሚጠፈጠፈው።

ይህን መመሪያ የምጽፈው ባሕር ዳር ላይ በተራ ላፕቶፕ ለሚሠሩ የፊዚክስና የሜካኒካል ተማሪዎች ነው። ትልቅ ኮምፒውተር አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ሲሙሌሽኑ ከመጀመሩ በፊት መልሱን በግምት ማወቅ ነው። ስክሪን ላይ የሚታየው ቱቦ ሁልጊዜ ያምራል፤ የተሳሳተውም ያምራል። ስለዚህ በወረቀት ካሰላችሁት ቁጥር ጋር ሳታስተያዩ አንዱንም ሥዕል አትመኑ።

አንደኛ፦ ወረቀትና እርሳስ

ናኖቲዩብ ማለት አንድ አተም ብቻ የሚወፍር የካርቦን ንጣፍ፣ ማለትም ግራፊን፣ እንደ ሰሌን ተጠቅልሎ ጠርዝ ለጠርዝ ሲገጣጠም የሚወጣው ቱቦ ነው። ንጣፉ የማር እንጀራ ዓይነት ሽመና አለው። ሰሌኑ በየትኛው አቅጣጫ እንደተጠቀለለ በሁለት ቁጥሮች ይነገራል። እኛ (7,7) የተባለውን እንወስዳለን፤ «አርምቼር» ከሚባለው ወገን ነው።

ዲያሜትሩን እንዲህ አስሉ። የመጀመሪያውን ቁጥር በራሱ፣ ሁለቱን እርስ በርስ፣ ሁለተኛውንም በራሱ አባዙና ሦስቱን ውጤቶች ደምሩ፦ 49 ሲደመር 49 ሲደመር 49፣ 147። ስኩዌር ሩቱ 12.12 ነው። ይህን በ0.246 ናኖሜትር አባዝታችሁ በፓይ ስታካፍሉ 0.949 ናኖሜትር ታገኛላችሁ። አርምቼር ቱቦ በየ0.246 ናኖሜትሩ ራሱን ይደግማል፤ በ(7,7) ውስጥ አንዱ ድግግሞሽ 28 አተም አለው። 28 ድግግሞሽ ብንሠራ 784 አተምና 6.89 ናኖሜትር ርዝመት ይሆናል። ከየጫፉ ሁለት ሁለት ድግግሞሽ ጨምድደን ስለምንይዝ በነጻ የሚቀረው 24 ነው፣ ማለትም 5.90 ናኖሜትር። ቀመር ውስጥ የሚገባው ይህ ነጻው ርዝመት ነው። ሙሉውን ርዝመት ያስገባ ሰው ንጽጽሩን ከመነሻው አበላሽቶታል።

አሁን ሁለት ቁጥር እንፈልጋለን። ስትሬን ስል ቱቦው ከመጀመሪያ ርዝመቱ ስንት እጁ እንዳጠረ ማለቴ ነው።

ለመጨማደድ፦ 0.077ን በናኖሜትር ለተለካው ዲያሜትር አካፍሉ። ለኛ ቱቦ 0.081 ይመጣል፤ 8 በመቶ ገደማ።

ለመጉበጥ፣ ሁለቱም ጫፍ ጨምደድ ተደርጎ ሲያዝ፦ ፓይን በዲያሜትሩ አባዙ፣ በነጻው ርዝመት አካፍሉ፣ የወጣውን በራሱ አባዙ፣ ግማሹን ውሰዱ። ለኛ 0.128 ይሆናል።

ትንሹ ይቀድማል። ስለዚህ ይህ አጭር ቱቦ ሊጎብጥ ሳይደርስ ይጨማደዳል። ነጻውን ክፍል ወደ 60 ድግግሞሽ፣ ማለትም ወደ 14.76 ናኖሜትር ብታስረዝሙት ግን ሁለተኛው ቁጥር ወደ 0.020 ይወርዳል፤ ያኔ ቱቦው 2 በመቶ ላይ እንደ ረጅሙ አገዳ ይጎብጣል። ሁለቱ እኩል የሚሆኑበትን ርዝመት ለማግኘት ዲያሜትሩን በገዛ ስኩዌር ሩቱ አባዙና በ8 አባዙት፤ ለ(7,7) 7.4 ናኖሜትር ገደማ ነው። ከዚያ በታች መጨማደድ፣ ከዚያ በላይ መጉበጥ። ይህን አንድ መስመር ደብተራችሁ ላይ ጻፉት፤ ሁለቱን ቱቦ፣ አጭሩንና ረጅሙን፣ የምንሠራው ይህን ለመፈተን ነው።

0.077 ከየት መጣ? እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንቆይ፤ ብዙ ተማሪ የሚሳሳትበት ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ያኮብሰን የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ይህንኑ (7,7) ቱቦ፣ 6 ናኖሜትር አድርገው፣ በኮምፒውተር ጨምቀው ነበር። ከዚያ ናኖቲዩቡን እንደ ቀጭን ቆርቆሮ ቅርፊት ብንቆጥረው የቅርፊቱ ውፍረትና ጥንካሬ ስንት ቢሆን ይስማማል ብለው አሰሉ። ያገኙት ውፍረት 0.066 ናኖሜትር፣ የያንግ ሞጁለሱ (ቁሱ ሲሳብ ወይም ሲጨመቅ የሚያሳየው ጥንካሬ መለኪያ) 5.5 ቴራፓስካል ነው። መጻሕፍት ላይ ደግሞ የናኖቲዩብ ሞጁለስ 1 ቴራፓስካል አካባቢ ተብሎ ታገኙታላችሁ፤ እሱ ውፍረቱን 0.34 ናኖሜትር፣ ማለትም በግራፋይት ንጣፎች መካከል ያለውን ርቀት አድርጎ ስለሚወስድ ነው።

የቱ ነው ትክክል? አንድ አተም የሚወፍር ግድግዳ በሜትር የሚለካ ውፍረት የለውም። በእርግጥ የሚለካው ሁለት ነገር ነው፦ ንጣፉ ሲሳብ ወይም ሲጨመቅ የሚያሳየው ጥንካሬ (363 ጁል በስኩዌር ሜትር ገደማ) እና ሲታጠፍ የሚያሳየው ጥንካሬ (0.85 ኤሌክትሮንቮልት ገደማ)። ሞጁለስን በውፍረት ስታባዙ በሁለቱም አቆጣጠር የመጀመሪያው ቁጥር ያው ነው፤ 5.5 በ0.066 ሲባዛ እና 1.07 በ0.34 ሲባዛ ተመሳሳይ ይወጣል። የመታጠፉ ግን አይመሳሰልም። 0.34ን በቅርፊት ቀመር ውስጥ ብታስገቡ የመታጠፍ ጥንካሬው ከ26 እጥፍ በላይ ይጋነናል፣ ቱቦውም 42 በመቶ እስኪጨመቅ ድረስ አይጨማደድም ይላችኋል። እንዲህ ያለ ቱቦ የለም። ስለዚህ ለመሳብና ለመጨመቅ የፈለጋችሁትን ውፍረት ተጠቀሙ፣ የትኛውን እንደተጠቀማችሁ ግን ጻፉ፤ መታጠፍና መጨማደድ ሲመጣ 0.34ን አታስገቡ።

ሁለተኛ፦ ቱቦውን መሥራት

በፓይተን ኤኤስኢ የሚባለው ነጻ ጥቅል ሁለቱን ቁጥሮች፣ የድግግሞሹን ብዛትና የቦንዱን፣ ማለትም አተምን ከአተም የሚያያይዘውን ማሰሪያ፣ ርዝመት (0.142 ናኖሜትር) ስትሰጡት ቱቦውን ሠርቶ ለላምፕስ በሚሆን ፋይል ይጽፍላችኋል። ሞለኪውል ማሳያው ፕሮግራም ቪኤምዲም የራሱ የናኖቲዩብ መሥሪያ አለው። ፋይሉ እንደወጣ አተሞቹን ቁጠሩ፦ ለአጭሩ 784፣ ለረጅሙ 1792። ካልገጠመ ወደፊት አትሂዱ። የሲሙሌሽን ሳጥኑን በሁሉም አቅጣጫ ከቱቦው አስፉት፤ ሳጥኑ በየጎኑ ራሱን ሲደግም ቱቦው ከራሱ ግልባጭ ጋር እንዳይነካካ በየጎኑ ቢያንስ ሁለት ናኖሜትር ባዶ ቦታ ተዉ። ጫፎቹን ጨምድደን ስለምንይዝ በቱቦው ዘንግ አቅጣጫ የሚደጋገም ድንበር አንፈልግም።

ሦስተኛ፦ ፖቴንሻል መምረጥ

ፖቴንሻል ማለት አተም ከአተም ጋር የሚሳሳብበትንና የሚገፋፋበትን ሕግ የያዘው ክፍል ነው። ለካርቦን የሚነሱት ቴርሶፍ፣ ሬቦ እና አይሬቦ ናቸው። ቴርሶፍ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን የሚያየው የቅርብ ጎረቤትን ብቻ ነው። ቱቦው ተጨማድዶ የግድግዳው ሁለት ፊት ሲቀራረብ ቴርሶፍ የሚያውቀው ነገር የለም፤ ግድግዳዎቹ ከሚገባው በላይ ተጠጋግተው በድንገት ቦንድ ሊፈጥሩ ይችላሉ። አይሬቦ በረጅም ርቀት ያለውን መሳሳብና መገፋፋት ስለሚጨምር ከተጨማደደ በኋላ ያለውን ለማየት የሚሻለው እሱ ነው። የካርቦንና የሃይድሮጅን ፋይሉ ከላምፕስ ጋር አብሮ ይመጣል። ይዘገያል፤ ለ784 አተም ግን ላፕቶፕ ይችለዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ቱቦውን በመሳብ እስኪበጠስ ማጥናት ከፈለጋችሁ የአይሬቦ የቦንድ መቁረጫ ርቀት እንደተሰጠ ከተተወ ቦንዱን ከመበጠሱ በፊት ያለ አግባብ ያጠነክረዋል። ለመጭመቅ ሥራችን ይህ አያስቸግርም፤ ለመሳብ ሥራ ግን ሳያስተካክሉ ጥንካሬ ሪፖርት ማድረግ ስህተት ነው።

አራተኛ፦ ማሳረፍ

ይህን ደረጃ ዘልዬ ያለፍኩበት ጊዜ አለ፤ ለዚህ ነው አጥብቄ የምጽፈው። ፋይሉን የሠራነው በ0.142 ቦንድ ነው። አይሬቦ ደግሞ የሚመርጠው ቦንድ ትንሽ አጠር ያለ፣ ወደ 0.140 የሚጠጋ ነው። ጫፎቹን መጀመሪያ ጨምድጄ ከዚያ መጭመቅ ስጀምር ቱቦዬ ገና ሳልነካው ከአንድ በመቶ በላይ ተስቦ ነበር። የመጨማደጃው ስትሬን በዚያው ልክ ከፍ ብሎ ወጣ፣ እኔም ጥፋቱን ፖቴንሻሉ ላይ ስፈልግ ሰነበትኩ። የምንፈልገው ቁጥር ራሱ ከ5 እስከ 8 በመቶ መሆኑን አስቡ፤ ከዚያ ላይ አንድ በመቶ ቀላል አይደለም።

ስለዚህ ምንም ሳትይዙ መጀመሪያ የኢነርጂ ማሳነሻውን አስኪዱ። ቱቦው ያረፈበትን ርዝመት ለኩ። የስትሬን ዜሮ ከዚህ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ነው ጫፎቹን የምትይዙት።

ቀጥሎ ሙቀት ስጡት። የጊዜ እርምጃው 0.5 ፌምቶሰከንድ ይሁን፤ የካርቦን ቦንድ አንዴ ለመርገብገብ 21 ፌምቶሰከንድ ያህል ስለሚፈጅበት በአንድ እርግብግቢት ውስጥ 40 ገደማ እርምጃ ይኖረናል። ለመጀመሪያ ሙከራ 10 ኬልቪን፣ ከዚያ 300 ኬልቪን። ቴርሞስታቱን (ሙቀቱን የሚቆጣጠረውን ትዕዛዝ) በነጻው የመሃል ክፍል ላይ ብቻ አድርጉት፤ 20 ፒኮሰከንድ ያህል ይረጋጋ። ሙቀቱን ፈጽሞ ዜሮ አታድርጉት። ፍጹም ቀጥ ያለና ፍጹም የረጋ ቱቦ ወዴት እንደሚጎብጥ አቅጣጫ አያገኝም፤ ከሚገባው በላይ ተጨምቆም ቀጥ ብሎ ይቆማል። ትንሽ ንዝረት ያንን ይፈታል።

አምስተኛ፦ መጭመቅ

አንዱን ጫፍ በቦታው አስቁሙት። በሌላው ጫፍ ያሉ አተሞች ላይ የሚያርፈውን ኃይል ዜሮ አድርጋችሁ ቋሚ ፍጥነት ስጧቸው፤ ወደ ውስጥ 0.06 አንግስትሮም በፒኮሰከንድ። ይህ 6 ሜትር በሰከንድ ነው። ነጻው ርዝመት 59 አንግስትሮም ስለሆነ በአንድ ፒኮሰከንድ አንድ ሺኛ ያህል ያጥራል፤ 10 በመቶ ለመድረስ 100 ፒኮሰከንድ፣ ማለትም 200,000 እርምጃ።

ይህ ከማንኛውም የላቦራቶሪ ሙከራ እጅግ የፈጠነ ነው፤ ሲሙሌሽን ከዚህ ማምለጥ አይችልም። ማድረግ የምንችለው ፍጥነቱ ውጤቱን አለማዛባቱን ማረጋገጥ ነው። በግማሽ ፍጥነት ድገሙት። የመጨማደጃው ስትሬን በሚታይ መጠን ከወረደ የመጀመሪያው ፈጥኖ ነበር፤ እንደገና አሳንሱት። ትዕግሥት ያለው ሰው ሌላ መንገድ አለው፦ ጫፉን በ0.1 በመቶ ብቻ መግፋት፣ ኢነርጂውን ማሳነስ፣ እንደገና መግፋት፣ እንደገና ማሳነስ። በዚህ መንገድ ሙቀትም ፍጥነትም የለም፤ መዝለያዎቹ ጥርት ብለው ይታያሉ። እኔ ለመጀመሪያ ተማሪ የምመርጠው ይህን ነው። ብቻ ሙቀት እዚህ ስለሌለ አተሞቹን ከመጀመራችሁ በፊት በጥቂቱ ከቦታቸው ነቅነቅ አድርጓቸው።

መብራት ድንገት ይጠፋል፣ የላፕቶፑም ባትሪ ሌሊቱን ሙሉ አይዘልቅም። በየ10,000 እርምጃው የመቀጠያ ፋይል እንዲጻፍ እዘዙ፤ ሁለት ስም እያፈራረቀ ይጻፍ፣ መብራት በመጻፍ ላይ እያለ ከጠፋ አንዱ ይተርፋልና። ለሥዕል የሚወጣው የአተሞች አቀማመጥ ፋይል ብቻውን አይበቃም፤ የአተሞቹ ፍጥነት እንዲወጣ ካልታዘዘ በውስጡ የለም። ስትቀጥሉ ደግሞ ቴርሞስታቱንና የጫፎቹን ትዕዛዝ በመመሪያ ፋይላችሁ ውስጥ እንደገና መጻፍ አለባችሁ፤ የመቀጠያው ፋይል እነሱን በራሱ አያስነሳም።

ምን ይመዝገብ? ሦስት ነገር፦ የጫፉ መፈናቀል፣ የመሃል አተሞች ፖቴንሻል ኢነርጂ፣ በተያዘው ጫፍ ላይ ያለው ጠቅላላ ኃይል። ላምፕስ ለየአተሙ የሚሰጠው ስትሬስ (ኃይል ለስፋት ሲካፈል) በይዘት የተባዛ ስለሆነ ለመተርጎም ይዘት ያስፈልጋል፤ ያ ደግሞ ወደ ውፍረቱ ክርክር ይመልሰናል። የጫፉ ኃይል ግን ውፍረት አይጠይቅም። ዜሮ ከመደረጉ በፊት ያለውን ኃይል መውሰዳችሁን ብቻ አረጋግጡ።

ስድስተኛ፦ ኩርባውን ማንበብ

ከ0 እስከ 2 በመቶ ያለውን የአጭሩን ቱቦ ክፍል ብቻ ውሰዱ። እዚያ ኢነርጂው ከስትሬኑ ስኩዌር ጋር ማደግ አለበት፤ ለአንድ አተም 59 ኤሌክትሮንቮልት በስትሬኑ ስኩዌር ተባዝቶ ግማሹ ያህል። 2 በመቶ ላይ 0.012 ኤሌክትሮንቮልት በአተም መሆን አለበት። በፖቴንሻል ምርጫ ምክንያት ጥቂት ይለያይ፤ ሁለት ሦስት እጥፍ ከሆነ ግን ዩኒት ወይም የአተም ቆጠራ ተሳስቷል። ኃይሉንም እንዲሁ ፈትኑ፦ 363ን በቱቦው ዙሪያና በስትሬኑ አባዙ። 5 በመቶ ላይ 54 ናኖኒውተን ይመጣል፤ በላምፕስ ዩኒት 34 ኤሌክትሮንቮልት በአንግስትሮም አካባቢ። እነዚህ ሁለቱ ካልገጠሙ ስለ መጨማደድ ማውራት አይጀመርም።

ከገጠሙ ወደ ላይ ተከተሉት። ኩርባው በድንገት ጎንበስ የሚልበት ወይም ኃይሉ ቁልቁል የሚወርድበት ቦታ ቱቦው ቅርጹን የቀየረበት ነው። በ1996ቱ ሥራ እንዲህ ያሉ አራት ቦታዎች ታይተዋል። 0.05 ላይ ቱቦው እርስ በርስ በተሻገሩ ሁለት ጠፍጣፎች ተጨማደደ። 0.076 ላይ ጠፍጣፎቹ ሦስት ሆኑ፤ ዘንጉ ግን ገና ቀጥ ያለ ነበር። 0.09 ላይ ጠፍጣፎቹ እንደ ማጠፊያ ሆነው ቱቦው ወደ ጎን ታጠፈ። 0.13 ላይ ሙሉ በሙሉ ተጨፈለቀ። የመጀመሪያው 0.05 ከወረቀታችን 0.081 እንደሚያንስ አስተውሉ። ቀመሩ የቁጥሩን ግምታዊ መጠንና በዲያሜትሩ ላይ ያለውን ጥገኝነት ያሳያል፤ አጭር፣ በአተሞች የተሠራና የሚንቀጠቀጥ ቱቦ ትንሽ ቀድሞ ቢሰጥ አያስደንቅም። ከ0.081 በእጅጉ አልፎ ቀጥ ብሎ ከቆመ ግን ወደ አራተኛው ደረጃ ተመለሱ፤ ዜሮው አልተስተካከለም ወይም ንዝረቱ አልበቃም።

ረጅሙ ቱቦ 2 በመቶ አካባቢ ወደ ጎን ጎብጦ ኃይሉ ማደጉን ያቆማል፤ ጉብጠቱ ሲጠና ውስጠኛው ጎን ላይ እንደ አገዳው እጥፋት ይወጣል። ሁለቱን ኩርባዎች በአንድ ግራፍ ላይ አስቀምጧቸው። መነሻቸው በአንድ መስመር ይሄዳል፤ መለያያቸው የደብተራችሁን መስመር ይነግራችኋል።

አተሞችን በሥዕል በሚያሳየው በኦቪቶ ፕሮግራም ስትከፍቱት አተሞቹን በኢነርጂያቸው ቀለም አልብሱ። የጠፍጣፎቹ ጠርዝ ደምቆ ይወጣል። ከጎን ብቻ አትዩት፤ በዘንጉ በኩል፣ አፉን ወደ እናንተ አዙራችሁ ተመልከቱ። ክቡ ወደ ሞላላ ሲለወጥ የሚታየው ከዚያ ነው፣ ከጎን ግን ገና ምንም ያልሆነ ይመስላል።

ሰባተኛ፦ መልቀቅ

ከ6 ወይም 7 በመቶ ላይ ሆናችሁ ጫፉን በዚያው ፍጥነት ወደ ኋላ መልሱት። ናኖቲዩብ ከብረት ቱቦ የሚለይበት እዚህ ነው፤ የተጨማደደው ይገላበጥና ክብነቱ ይመለሳል። ይህ የሲሙሌሽን ወሬ ብቻ አይደለም፤ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ታጥፈው የታዩ ናኖቲዩቦችን ከስሌት ጋር ያስተያየው የ1996ቱ የተመራማሪው የኢጂማ ቡድን ሥራም ወደ 110 ዲግሪ እስከሚደርስ መታጠፍ ድረስ ሊመለሱ እንደሚችሉ ደምድሟል። የስንዴው አገዳ ግን አንዴ ከታጠፈ አይቃናም።

የመመለሻውን ኩርባ ከመሄጃው ጋር አንድ ላይ ሳሉት። መሃል ላይ ክፍተት ሊኖራቸው ይችላል፤ ቱቦው ሲጨማደድ የሚዘልበትና ሲመለስ የሚዘልበት ስትሬን አንድ ላይሆን ይችላልና። ዜሮ ላይ ግን የአንዱ አተም ኢነርጂ ከመነሻው ጋር መግጠም አለበት። ካልገጠመ የእያንዳንዱን አተም ጎረቤቶች በኦቪቶ አስቆጥሩ፤ ከተያዙት ጫፎች ውጭ ሦስት ጎረቤት የሌለው አተም ካገኛችሁ አዲስ ቦንድ የተፈጠረው ወይም የተበጠሰው እዚያ ነው።